የቤት የጊዜ ሰርቨር በሳተላይት ተቀባይ

የቤት የጊዜ ሰርቨር ማለት በአንድ ቤት፣ ሱቅ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ ላሉ ኮምፒውተሮች፣ ስልኮችና ካሜራዎች ትክክለኛውን ሰዓት የሚያድል አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። ሰዓቱን ከኢንተርኔት ሳይሆን ከጂፒኤስና ከመሰሎቹ ሳተላይቶች በቀጥታ የሚወስድ ከሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። ለዚህ የሚያስፈልገው ከግጥሚያ ሣጥን ብዙም የማይበልጥ ተቀባይ፣ አንቴናና እንደ ራስቤሪ ፓይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ አሠራሩን የሚያስረዳው መተማንና በዙሪያው ያለውን የምዕራብ ጎንደር ቆላ ምሳሌ አድርጎ ነው። መተማ የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚያ በተደረገው ጦርነት ስለወደቁ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ከድልድዩ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ጋላባት ናት። በዚህ አካባቢ የሰዓት ጉዳይ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የበለጠ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱ ከታች ተብራርቷል።

ሳተላይት ተቀባይ ሲባል በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የቴሌቪዥን ዲሽና ሪሲቨር ሊሆን ይችላል። እዚህ የሚነገረው ግን ስለዚያ አይደለም። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች (ለምሳሌ ናይልሳት፣ ወይም ኢትዮሳት የሚሰራጭበት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ያለው ሳተላይት) ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎሜትር ገደማ ርቀው ከምድር ሲታዩ በአንድ ቦታ የቆሙ ናቸው፤ ዲሹም ወደ እነሱ ብቻ ይዞራል። የቴሌቪዥን ሪሲቨርም ከጣቢያው ሞገድ ጋር ሰዓት ይደርሰዋል፤ ግን ለፕሮግራም ዝርዝር እንጂ ለልኬት ስላልታሰበ የሰከንድ ክፍልፋይ አይገልጽም። የጂፒኤስ አንቴና በአንጻሩ ወደ አንድ አቅጣጫ አይዞርም፤ ሰማዩን ሁሉ ማየት ብቻ ይፈልጋል።

ለምን ያስፈልጋል

አብዛኛው ኮምፒውተር ሰዓቱን የሚያስተካክለው በኢንተርኔት ላይ ካሉ የጊዜ ሰርቨሮች ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በራሱ የኳርትዝ ክሪስታል ብቻ ይቆጥራል። ክሪስታሉ በሚሊዮን 1 ክፍል ብቻ ቢዛነፍ ስህተቱ በቀን 86.4 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ በሚሊዮን 20 ክፍል ከተዛነፈ፣ ይህም ለተራ ክሪስታል የተለመደ ነው፣ በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር ደግሞ 52 ሰከንድ ያህል ነው።

በአማራ ክልል ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2023) ግጭት ተስፋፍቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ከዚያ በፊትም በሰኔ 2011 እና በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ መላ አገሪቱን የነካ መቋረጥ ነበር።

ከኢንተርኔት መቋረጥ ይልቅ የመብራት መቋረጥ የሚያመጣው ስህተት የባሰ ነው። ራስቤሪ ፓይ እስከ 4ኛው ሞዴል ድረስ መብራት ሲጠፋ ሰዓት የሚጠብቅ ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም (5ኛው ሞዴል ባትሪ ከተጨመረለት አለው)። ሲነሳ የሚጀምረው በፋይል ካስቀመጠው የመጨረሻ ሰዓት ነው። ማታ 2 ሰዓት የጠፋ መብራት ንጋት ላይ ቢመጣ መሣሪያው አሁንም ማታ 2 ሰዓት ነው ብሎ ያምናል። የጥበቃ ካሜራ ቀረጻ በዚህ ሁኔታ ሰዓቱ በአሥር ሰዓት ይሳሳታል፤ ሌባ የገባበትን ሰዓት ለማስረዳት የማይጠቅም ቀረጻ ይሆናል ማለት ነው። የደኅንነት ምስክር ወረቀት ያላቸው ድረ ገጾችም የኮምፒውተሩ ሰዓት ከምስክር ወረቀቱ ዘመን ውጭ ሲሆን አይከፈቱም። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየሩ የመግቢያ ኮዶች ደግሞ የአንድ ደቂቃ መዛነፍ እንኳ ይበቃቸዋል።

በአንድ ድልድይ ላይ ያሉ ሰዓቶች

ኢትዮጵያ የምትጠቀመው የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓትን ነው፤ ይህም ከዓለም አቀፉ የተቀናጀ ሰዓት (ዩቲሲ) 3 ሰዓት ይቀድማል። ሱዳን ከጥር 1992 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ሰዓት ስትጠቀም ቆይታ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2017) ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሰዓት ተመልሳለች፤ ይህ ከዩቲሲ የሚቀድመው በ2 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከመተማ ወደ ጋላባት ድልድዩን የተሻገረ ሰው ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል።

በዚህ ላይ የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር አለ። በአማርኛ ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት በመሆኑ በኮምፒውተር 9፡00 የሚታየው ሰዓት በንግግር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። እንግዲህ በድንበሩ ላይ «በ3 ሰዓት እንገናኝ» የሚል ቀጠሮ ሦስት ፍች ሊሰጠው ይችላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ በዩቲሲ 6፡00 ነው። በኢትዮጵያ በኩል በዓለም አቀፍ አቆጣጠር የተባለ የከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ከሆነ በዩቲሲ 12፡00 ነው። የሱዳን የከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ከሆነ ደግሞ በዩቲሲ 13፡00 ነው።

ፀሐይም የራሷ አስተያየት አላት። መተማ በምሥራቅ ኬንትሮስ 36 ዲግሪ ከ9 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ሰዓት የተመሠረተው ግን በ45ኛው ዲግሪ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሆነ በመተማ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባም 10 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። በዚህ ምክንያት መተማ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት አትወጣም፤ በጥር አጋማሽ እንዲያውም የምትወጣው 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ሱዳን የመረጠችው ሰዓት በ30ኛው ዲግሪ ላይ ስለተመሠረተ በዚህ ቦታ ከፀሐይዋ ጋር ያለው ርቀት ትንሽ ይቀንሳል።

የስልክ ኔትወርክ ደግሞ ሰዓትን ከነቀጠናው ለስልኩ ይልካል። «ሰዓትን በራስ አስተካክል» የሚለው ምርጫ የበራበት ስልክ ማዶ ካለ ማማ ጋር ከተያያዘ፣ ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ የሱዳንን ሰዓት ሊያሳየው ይችላል። ድንበር አካባቢ የሚኖር ሰው ቀጠናውን በእጁ መርጦ «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» ላይ ማቆየቱ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሳተላይት ከእነዚህ ሰዓቶች አንዱንም አይሰጥም። የሚሰጠው ለዓለም ሁሉ አንድ የሆነውን ቆጠራ ነው። የጊዜ ሰርቨርም ለቤቱ መሣሪያዎች የሚያስተላልፈው ዩቲሲን ብቻ ነው፤ ቀጠናውን የሚጨምረው፣ ከንጋት የሚቆጥረውና በ13 ወር የሚያሳየው እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ ማሳያ ላይ ነው። ይህን ልዩነት አለመያዝ የብዙ ስህተት ምንጭ ነው። የእጅ ሰዓትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት ምንም ጉዳት የለውም። የኮምፒውተርን ሰዓት በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቶ «3 ሰዓት» እንዲል ማድረግ ግን ማሽኑ ባለፈ ጊዜ እንዲኖር ማድረግ ነው፤ የሚልከው መልእክትና የሚጽፈው ፋይል ሁሉ የተሳሳተ ሰዓት ይይዛል። ሰርቨሩ ሲገጠምም ይህ ጉልበት ያለው ማስተካከያ በሰከንዶች ውስጥ ይሰረዛል፤ ባለቤቱም ሰርቨሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ሳተላይቱ ሰዓትን እንዴት ያስተላልፋል

የጂፒኤስ ሳተላይቶች በ20,200 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ይዞራሉ፤ አንዱን ዙር ለመጨረስ 11 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ይወስድባቸዋል። እያንዳንዱ የሲዚየም ወይም የሩቢዲየም አቶሚክ ሰዓት ተሸክሟል፤ «በዚህ ቅጽበት እዚህ ቦታ ነበርኩ» የሚል መልእክትም ያለማቋረጥ ይልካል። መልእክቱ በብርሃን ፍጥነት ሲጓዝ በቀጥታ ከአናት ላይ ካለ ሳተላይት እንኳ 67 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ተቀባዩ ይህን መዘግየት ለማወቅ ሳተላይቱ ያለበትን ርቀት ማወቅ አለበት፤ ርቀቱን ለማወቅ ደግሞ ሰዓቱን። ቋጠሮው የሚፈታው በአራት ሳተላይቶች ነው፤ ሦስቱ የቦታ ልኬቶችና አንዱ የሰዓት ስህተት፣ በድምሩ አራት ያልታወቁ ቁጥሮች፣ አራት እኩልታ ይፈልጋሉና። አንቴናው የማይንቀሳቀስ ከሆነና ቦታው በትክክል ከታወቀ ግን ሰዓትን ለማግኘት አንድ ሳተላይት ይበቃል። ለጊዜ ልኬት ተብለው የሚሠሩ ተቀባዮች የሚጠቀሙት በዚህ ነው።

የሳተላይቱ ሰዓት ምድር ላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር በአንጻራዊነት ሕግ ምክንያት በቀን 38 ማይክሮሰከንድ ይፈጥናል። ብርሃን በ1 ማይክሮሰከንድ 300 ሜትር ስለሚጓዝ ይህ ባይታረም የቦታ ስህተቱ በአንድ ቀን ከ11 ኪሎሜትር ያልፍ ነበር።

ጂፒኤስ የአሜሪካ ነው። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራሉ፤ የዛሬ ተቀባዮች አብዛኞቹ ከአንድ በላይ ሥርዓት በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። መተማ በሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ሳተላይቶቹ ከሰሜንም ከደቡብም ይታያሉ፤ በዚህ ረገድ ከሰሜን አውሮፓ የተሻለ ሰማይ አላት።

ከምድር ወገብ መግነጢሳዊ መስመር ቅርብ መሆኗ ግን የራሱ ችግር አለው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በተለይ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወራት አካባቢ፣ በአዮኖስፌር ውስጥ የሚፈጠር ሁከት የሳተላይቱን ሞገድ ያርገበግበዋል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ክስተት በጂፒኤስ ተቀባዮች ሲያጠኑት ቆይተዋል። ለቤት የጊዜ ሰርቨር ውጤቱ ቀላል ነው፤ ማታ ላይ ጥቂት ሳተላይቶች ለአጭር ጊዜ ሊጠፉ ይችላሉ፤ የተቀሩት ግን ሥራውን ይቀጥላሉ።

ዕቃዎቹ

ዋናው መለያ ተቀባዩ በሰከንድ አንድ ምት የሚያወጣ እግር (በአጭሩ ፒፒኤስ) ያለው መሆኑ ነው። ተቀባዩ ሁለት ነገር ይናገራል። የመጀመሪያው በጽሑፍ ነው፤ «አሁን ይህ ቀን፣ ይህ ሰዓት፣ ይህ ሰከንድ ነው» የሚል መስመር በየሰከንዱ ይልካል። ይህ መስመር ግን በመቶዎች ሚሊሰከንድ ሊዘገይ ይችላል፤ መዘግየቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለተኛው ምቱ ነው፤ ሰከንዱ የጀመረበትን ቅጽበት በናኖሰከንዶች ትክክለኛነት ያሳያል፤ ስንተኛው ሰከንድ እንደሆነ ግን አይናገርም። ከሬዲዮ ዜና በፊት የሚሰማውን የሰዓት ድምፅ ይመስላል፤ ድምፁ ቅጽበቱን ይሰጣል፣ ተናጋሪው የሰዓቱን ስም ይጠራል። ሁለቱ ካልተጣመሩ አንዱ ብቻውን አይበቃም። በዩኤስቢ ብቻ የሚሰኩ ርካሽ ተቀባዮች ብዙውን ጊዜ ምቱን አያወጡም፤ ለካሜራና ለስልክ ይበቃሉ፣ ለልኬት ግን አይሆኑም።

ከኢንተርኔት ገበያ በብዛት የሚገኙት የዩብሎክስ ኩባንያ ኒዮ-6ኤምና ኒዮ-ኤም8ኤን የተባሉት ናቸው። ለጊዜ ተብሎ የተሠራው ኤልኢኤ-ኤም8ቲ የተሻለ ነው፤ ቦታውን አንዴ ለክቶ ከያዘ በኋላ በአንድ ሳተላይት ይሠራል። ኮምፒውተሩ ራስቤሪ ፓይ ከሆነ 4ኛው ሞዴል ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ እስከ 3ኛው ድረስ የኔትወርክ ገመዱ በዩኤስቢ በኩል ስለሚያልፍ ለሰዓት የማይመች መዘግየት ይጨምራል። ያለው 3ኛው ብቻ ከሆነ ግን እሱንም መጠቀም ይቻላል፤ ለቤት ልዩነቱ አይታይም።

አንቴናው

በቆላው ያሉ ቤቶች ብዙዎቹ የቆርቆሮ ክዳን ናቸው። የሳተላይቱ ሞገድ ምድር ሲደርስ እጅግ ደካማ ስለሆነ ቆርቆሮን ማለፍ አይችልም። ስለዚህ አንቴናው ውጭ፣ ከክዳኑ በላይ መቀመጥ አለበት። ጥሩው ነገር ጠፍጣፋ አንቴና ከሥሩ ብረት ሲኖረው ይበልጥ ይሠራል፤ ከውስጥ ጠላት የነበረው ቆርቆሮ ከላይ ሲሆን ይረዳል። የማግኔት መቀመጫ ያለው ከሆነ ቆርቆሮው ላይ በቀጥታ ይጣበቃል፤ ንፋስ እንዳያንሸራትተው ግን ገመዱን በሽቦ ማሰር ይገባል። ከጎን ዛፍ ወይም የውኃ ታንከር ሰማዩን ከከለለው ቦታ መቀየር ይሻላል።

የገመዱ ርዝመት የሚጨምረው መዘግየት በሜትር 5 ናኖሰከንድ ያህል ነው። 10 ሜትር ገመድ 50 ናኖሰከንድ ማለት ነው፤ ለቤት ሰርቨር ከቁጥር አይገባም። የሚያሳስበው የሞገዱ መዳከም ስለሆነ ረጅም ገመድ ሲኖር ማጉያ ያለው አንቴና ያስፈልጋል። ማጉያው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚያው ገመድ ከተቀባዩ ነው።

ማገናኘትና ማዋቀር

በራስቤሪ ፓይ ላይ የተቀባዩ የመላኪያ እግር ወደ ኮምፒውተሩ የመቀበያ እግር (በተራ ቁጥር 10ኛው)፣ የመቀበያ እግሩ ወደ መላኪያው (8ኛው) ይገባል። ሁለቱን ሳያጣርሱ ማገናኘት የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው። የምቱ እግር በተለምዶ ወደ 12ኛው ይገባል፤ ይህም ጂፒአይኦ 18 ይባላል። የራስቤሪ ፓይ እግሮች የሚችሉት 3.3 ቮልት ብቻ ስለሆነ 5 ቮልት የሚያወጣ ተቀባይ ያለ መቀነሻ ቢሰካ ኮምፒውተሩን ያቃጥለዋል።

ሶፍትዌሩ ሁሉ ነጻና ክፍት ነው። ኢንተርኔት ሲኖር ቀድሞ አውርዶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ሰርቨሩ ኢንተርኔት ለሌለበት ቀን የሚሠራ ቢሆንም ሲገጠም ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ጂፒኤስዲ የተባለው ፕሮግራም የተቀባዩን ጽሑፍ ያነባል። የሊኑክስ ከርነል ምቱን በራሱ ሞጁል ይይዛል። ክሮኒ የተባለው ፕሮግራም ሁለቱን አጣምሮ የኮምፒውተሩን ሰዓት ያርማል፤ ለሌሎችም ያድላል።

ሦስት ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይቆማል። አንደኛ፣ ራስቤሪ ፓይ የጽሑፍ መስመሩን ለራሱ የትእዛዝ መስኮት ስለሚይዘው ከማዋቀሪያው ላይ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ጂፒኤስዲ ጠያቂ ፕሮግራም ከሌለ ተቀባዩን አያነብም፤ ሲነሳ ጀምሮ እንዲያነብ የሚያደርገው ምርጫ መከፈት አለበት። ሦስተኛ፣ በክሮኒ ውስጥ ጽሑፉ እንደ ዋና ምንጭ እንዳይመረጥ፣ ለምቱ የሰከንዱን ስም እንዲሰጥ ብቻ መደረግ አለበት፤ አለበለዚያ ሰዓቱ በመቶ ሚሊሰከንዶች ወዲያ ወዲህ ይላል። ከዚያ ለቤቱ ኔትወርክ አድራሻዎች ፈቃድ የሚሰጠው መስመር ይጨመራል፤ እሱ ከሌለ ክሮኒ ለማንም አይመልስም።

መሥራቱን ለማወቅ ክሮኒ ስለ ምንጮቹ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ይታያል። ከምቱ ጎን የኮከብ ምልክት ካለና «ሪች» በሚለው ዓምድ 377 ከተጻፈ ሁሉም ደህና ነው። 377 በ8 ቤት የተጻፈ ቁጥር ሲሆን የመጨረሻዎቹ ስምንት ሙከራዎች ሁሉ መሳካታቸውን ይናገራል።

ሰዓት በገመድ ሲጓዝ

ሰርቨሩና መሣሪያዎቹ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል ኤንቲፒ ይባላል። የነደፈው በደላዌር ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዴቪድ ሚልስ ሲሆን የመጀመሪያው መግለጫ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ዛሬ የሚሠራበት 4ኛው እትም በ2010 ታትሟል። ሚልስ በጃንዋሪ 2024 አርፏል።

አሠራሩ በምሳሌ ይቀላል። አንድ ላፕቶፕ በራሱ ሰዓት 10.000 ሰከንድ ላይ ጥያቄ ይልካል። ሰርቨሩ በሰርቨሩ ሰዓት 10.530 ላይ ይቀበላል፣ 10.531 ላይ ይመልሳል። ላፕቶፑ መልሱን በራሱ ሰዓት 10.021 ላይ ያገኛል። ደርሶ መልሱ 21 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሰርቨሩ የያዘው 1 ሚሊሰከንድ ሲቀነስ የመንገዱ ብቻ 20 ይሆናል። መሄጃውና መመለሻው እኩል ናቸው ከተባለ እያንዳንዱ 10 ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ 10.530 ባለበት ቅጽበት ላፕቶፑ 10.010 ላይ ነበር፤ 520 ሚሊሰከንድ ዘግይቷል።

«እኩል ናቸው ከተባለ» የሚለው ግምት የኤንቲፒ ደካማ ጎን ነው። በተጨናነቀ የሞባይል ኢንተርኔት መሄጃው 60፣ መመለሻው 20 ሚሊሰከንድ ቢወስድ ፕሮቶኮሉ ሳያውቅ በ20 ሚሊሰከንድ ይሳሳታል። ቤት ውስጥ በገመድ ግን ጠቅላላ መዘግየቱ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ስለሆነ ስህተቱም እዚያ ውስጥ ይታሰራል። ዋይፋይ በመካከል ነው፤ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይጨምራል።

በኤንቲፒ ቋንቋ አቶሚክ ሰዓቱና ተቀባዩ 0 ደረጃ ናቸው፤ ከተቀባዩ ጋር የተያያዘው ሰርቨር 1ኛ፣ ከእሱ የሚወስደው 2ኛ እያለ እስከ 15 ይወርዳል። ስለዚህ መተማ ያለ አንድ ራስቤሪ ፓይ በደረጃ ከትልልቅ ተቋማት ሰርቨሮች እኩል 1ኛ ነው። ደረጃው ግን ከምንጩ ያለውን ርቀት እንጂ ጥራትን አይለካም።

ለቤቱ ማዳረስ

ራውተሩ ለመሣሪያዎች አድራሻ ሲያድል የጊዜ ሰርቨሩንም አብሮ መንገር ይችላል። ካሜራዎችና የኔትወርክ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ ይሰማሉ፤ አንድሮይድ ስልክና ዊንዶውስ ግን የለመዱትን የኩባንያቸውን ሰርቨር ይጠራሉ። ዊንዶውስ ላይ የሰርቨሩን አድራሻ በእጅ ማስገባት ይቻላል። ስልኮች ላይ ቀላሉ መንገድ የቤቱ የስም ሰርቨር የእነዚያን የጊዜ ሰርቨሮች ስም ወደ ቤቱ ሰርቨር እንዲያመራ ማድረግ ነው። ሰርቨሩን ከቤት ውጭ ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግ አያስፈልግም፤ በር 123 ክፍት ሆኖ የቀረ ሰርቨር ለጥቃት መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

ሙቀት፣ መብራትና ክረምት

በመተማ ከየካቲት እስከ ግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ራስቤሪ ፓይ ውስጡ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ማዘግየት ይጀምራል። ቆርቆሮ ሥር የተሰቀለ ዝግ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ እዚያ መድረሱ አይቀርም። ለሰዓት ደግሞ ከሙቀቱ ከፍታ ይልቅ መለዋወጡ ይጎዳል፤ የክሪስታሉ ፍጥነት ከሙቀት ጋር ይለወጣልና። ሳተላይት እየታየ ምቱ ይህን በየሰከንዱ ያርመዋል። ሳተላይት ሲጠፋ ግን በሚሊዮን 1 ክፍል የሚሆን ለውጥ በሰዓት 3.6 ሚሊሰከንድ ያስከትላል። መሣሪያውን በጭቃ ግድግዳ በኩል፣ ከወለል ብዙም ሳይርቅ፣ ንፋስ በሚያልፍበት ማስቀመጥ ከማንኛውም ማራገቢያ የተሻለ ይሠራል፤ አቧራም አይስብም።

ኮምፒውተሩና ተቀባዩ አብረው 4 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹ ብቻ ጥቅም ላይ ቢውል ለ10 ሰዓት ያህል ይበቃል። ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ከተጨመረ ቆላው የሚጎድለው ነገር የለም።

ክረምት ሲገባ መብረቅ ይመጣል። ጣሪያ ላይ ያለ አንቴና ከቤቱ ኮምፒውተር ጋር በመዳብ የተያያዘ ነው። ገመዱ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ መሬት የተያያዘ የመብረቅ መከላከያ ማድረግ ይገባል፤ እሱ ከሌለ ነጎድጓዱ ሲቃረብ አንቴናውን መንቀል ነው። ለጥቂት ሰዓታት ያለ ሳተላይት መቆየት ሰዓቱን ብዙ አያበላሽም።

ስህተት የሚመጣባቸው ቦታዎች

ተቀባዩ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲበራ ሰዓቱን በ30 ሰከንድ ገደማ ያገኛል፤ ግን ያ ሰዓት ገና ሙሉ ላይሆን ይችላል። የጂፒኤስ የራሱ ቆጠራ ከ1980 ጀምሮ ተጨማሪ ሰከንድ አይቀበልም፤ ዩቲሲ ግን ይቀበላል። ዛሬ ልዩነቱ 18 ሰከንድ ነው። ይህን ቁጥር ሳተላይቶቹ የሚልኩት በ12 ደቂቃ ተኩል አንዴ ስለሆነ፣ ያንን ያልሰማ ተቀባይ በትዝታው ባለው የቆየ ቁጥር ይሠራል። ስለዚህ ሰርቨሩ ከተነሳ 15 ደቂቃ እስኪያልፍ አለማመን ጥሩ ልማድ ነው። የመጨረሻው ተጨማሪ ሰከንድ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ነው፤ እስከ 2035 ድረስ አሠራሩ እንዲቀር በ2022 ተወስኗል።

ያገለገለ ተቀባይ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሳምንት ቆጠራን ማሰብ አለበት። የቆየው የጂፒኤስ መልእክት የሳምንቱን ቁጥር የሚጽፈው በ10 ቢት ነው፤ 1,024 ሳምንት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህ በኦገስት 1999 እና በኤፕሪል 2019 ሆኗል፤ ቀጣዩ በኖቬምበር 2038 ነው። ሶፍትዌሩ ያልታደሰ ተቀባይ ደቂቃውንና ሰከንዱን በትክክል እያሳየ ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ሰከንዱ ልክ ስለሆነ ስህተቱን ቶሎ የሚያስተውለው የለም።

ሌላው ስጋት የሞገድ ማወክና ማታለል ነው። በምሥራቅ ሜዲትራኒያንና በባልቲክ ባሕር ዙሪያ ግጭቶች የጂፒኤስን ሞገድ ሲያውኩ ቆይተዋል። ለድንበር ነዋሪ መፍትሔው ከአንድ በላይ የሳተላይት ሥርዓት የሚሰማ ተቀባይ መያዝና፣ ኢንተርኔት ሲኖር በክሮኒ ላይ ሦስት ወይም አራት የኢንተርኔት ሰርቨሮችን መጨመር ነው። ሳተላይቱ ከሁሉም ተለይቶ የተለየ ሰዓት ከተናገረ ክሮኒ በብዙኃኑ ይመዝነዋል።

ተቀባዩ የሚሰማ እንጂ የሚያሰራጭ መሣሪያ አይደለም፤ ከሳተላይት ስልክ ጋር አንድ አይደለም። ቢሆንም በፍተሻ ኬላ ላይ ለሚያየው ሰው ሽቦና አንቴና ያለበት የማይታወቅ ሣጥን ነው። ከውጭ ለማስመጣት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ጉምሩክንና የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ አለበት፤ ዕቃውንም ተለያይቶ ሳይሆን ከማሸጊያውና ከመግለጫ ወረቀቱ ጋር ማጓጓዝ ብዙ ጥያቄ ያቀላል።